ጀሪካኖቹ የመረጡ ዕለት

አሰብ ውስጥ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መሆን ይችላል። እኔ ራሴ በደርግ ዘመን እዚያ ሳስተምር ውሃ በሚመጣበት በየሁለት ቀኑ ሁለት ቦታ ነበርኩ፤ ገላዬ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ ጀሪካኔ ደግሞ ቦኖው ደጃፍ ሰልፍ ላይ። ጀሪካኔ አረንጓዴ ነበር። እጀታው ስለተሰበረ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠምጥሜዋለሁ።

ይህን የአገሩን ሕግ የተማርኩት በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ከደጋ ተመድቤ መጥቼ፣ ሻንጣዬን እንኳ በወጉ ሳልፈታ ውሃ ልቀዳ ወደ ሰፈራችን ቦኖ ወረድኩ። አንድም ሰው የለም። መሬቱ ላይ ግን ጀሪካንና የዘይት ቆርቆሮ ከቧንቧው ሳጥን እስከ መንገዱ ጥግ ተደርድሯል። የተጣለ ዕቃ መሰለኝና የፊተኛውን ቆርቆሮ በእግሬ ገፋ አድርጌ ቦታውን ያዝኩ።

«አንቺ ልጅ! ሰውዬውን ረግጠሽ ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ ከጀርባዬ መጣ።

ዞር ብዬ የረገጥኩትን ሰውዬ ፈለግኩ። የለም። አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ባለ አበባ ድሪዓ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ በገመድ ቁልፍ ያንጠለጠሉ ሴትዮ መጡና ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መልሰው አቧራውን በእጃቸው ጠረጉለት።

«ይሄ ወደብ ላይ ስኳር እያወረደ ነው። እስኪመጣ እዚህ ቆሟል» አሉኝ። ከዚያ የሰልፉን ጭራ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ወላሂ፣ አስተማሪ ትመስያለሽ። አስተማሪ ሲባል መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ አያውቅም።»

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ጆሮዬ ነው የሚቀላው። ግን ጭራው ላይ ቆምኩ።

ሰፈሩ ሁሉ እኚህን ሴት እማማ ባለቁልፍ ይላቸው ነበር። የአሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ባላቸው ወደብ ሲሠሩ ኖረው ሞተዋል። ቀበሌው ከመቋቋሙ በፊት ጀምሮ የቧንቧውን የብረት ሳጥን ከፍተው የሚዘጉት እሳቸው ናቸው። የሚያገኟት ትንሽ ደመወዝ መተዳደሪያቸው ናት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን የሰፈሩን ጀሪካን ሁሉ እኔ የተማሪዎቼን መልክ ከማውቀው በላይ ያውቁታል። አንድ ጊዜ «ቢጫው፣ ጎኑ የተጠበሰው ሁለት ተራ አለፈው፤ ሂጂ እዪው» ብለው ላኩኝ። ብሄድ ጎረቤቴ መካኒኩ ብቻውን ወባ ጥሎት ሲያቃስት አገኘሁት። የደረስኩለት እኔ አይደለሁም፣ ጀሪካኑ ነው።

ሕጋቸው አጭር ነበር። በአንድ ቤት አንድ ጀሪካን፤ የቀደመ ይቀዳል። የወደብ ኃላፊም ቢሆን፣ የሻለቃ ሚስትም ብትሆን፣ ጀሪካን መሬት ላይ ሲቀመጥ ማዕረግ የለውም። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ሰው ልጆች እኩልነት ከመጽሐፍ እየገለበጥኩ ሳስጽፍ፣ እሳቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ በየሁለት ቀኑ ይሠሩት ነበር።

አሁን ባለበረዶውን ላስተዋውቅ። በዕድሜው አንቱ የሚባል ሰው ነው፤ ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ከሁሉም ጋር አንተ ተባብሎ የሚኖር ስለሆነ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። በዚያ ዘመን ነጋዴ መሆን ብዙ የሚያስመሰግን ነገር አልነበረም። እሱ ግን ከሰፈሩ ጫፍ ላይ አነስተኛ የበረዶ ማምረቻ ነበረው። ሐምሌ ላይ አሰብን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ራሱ ትኩሳት ያለበት ነው። ሶሻሊዝምም ቢሆን ለብ ያለ ቢራ አይወድም።

ደግ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ለሰርግ በረዶ ይልካል፣ ለለቅሶ በረዶ ይልካል። በረመዳን ለመስጊድ፣ በጥምቀት ለቤተ ክርስቲያን ይልካል። ለእኔም በየሳምንቱ ዓርብ «ለአስተማሪ» ተብሎ አንድ ጉማጅ በረዶ በሰጋቱራና በጆንያ ተጠቅልሎ ይመጣል። ያንን በረዶ እወደው ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግንባሬ ላይ አድርጌው ስተኛ የደጋ ልጅነቴ ይመለስልኝ ነበር።

በረዶ ግን ከውሃ ነው የሚሠራው። የባለበረዶው ሠራተኛ በርሜል እየገፋ ቦኖው ጋ በመጣ ቁጥር እማማ ባለቁልፍ «አንድ ቤት፣ አንድ ጀሪካን» ይሉታል። ባለበረዶው ራሱ መጥቶ እየሳቀ ለመናቸው። እሳቸውም እየሳቁ «በርሜልህን ተራ አስይዝና ጀሪካን ሲሆን ተመለስ» አሉት። ተሳስቀው ተለያዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፏን መፈለጉን ሰፈሩ ሁሉ አወቀ።

በዚያው ወራት የቀበሌ ስብሰባችን እየተለወጠ ሄደ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ለውጡን በገጽ ብዛት አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ማንም ተነስቶ የፈለገውን ይናገር ነበር፤ ስለ ውሃ፣ ስለ ዳቦ፣ ስለ ጎረቤቱ ፍየል ሳይቀር። አንድ ቀን መካኒኩ ተነሳና «የእኛ ቧንቧ እኩለ ቀን ላይ ሲደርቅ የበረዶ ቤቱ ጣሪያ ሥር ለምን ይንጠባጠባል?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም አጨበጨብን። በማግሥቱ «ለማብራሪያ» ተብሎ ተጠራ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰ፤ ምን ሆንክ ቢሉት «ዛሬ ነፋሱ ከባሕር ነው» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነፋስ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ አልሰማሁም።

ቀጥሎ ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ ተባለ። ቀጥሎ ጽሑፉ ላይ የቤት ቁጥር ይኑርበት ተባለ። ከዚያ ጥያቄ የሚባል ነገር ጠፋ። ዝም አይነቅዝም አልን። እኔስ? እውነቱን ለመናገር ቃለ ጉባኤው ከስምንት ገጽ ወደ አንድ ገጽ ስላጠረልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በረዶውም ዓርብ ዓርብ ሳይቋረጥ ይመጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛን የወሰደን የቀዘቀዘ ውሃ ነው።

አንድ ሰሞን አዲስ ካድሬ መጣ። ወጣት፣ ታታሪ፣ ካኪው እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ከላቡ በስተቀር ምንም የማይወጣው ልጅ ነበር። የቦኖው ኃላፊነት «በዴሞክራሲያዊ መንገድ በሰፊው ሕዝብ ምርጫ» ይሰጣል አለ። ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው፤ እማማ ባለቁልፍና የባለበረዶው አማች። አማቹ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጀሪካን ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ነበር እንጂ። ካድሬው ከባለበረዶው ገንዘብ ተቀብሏል ብዬ አልምልም፤ አላየሁም። የቀዘቀዘ ነገር ሲጠጣ ግን አይቻለሁ፣ እኔም አጠገቡ ሆኜ እየጠጣሁ።

ምርጫው እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቦኖው ደጃፍ ሆነ። ካድሬው በኖራ ሁለት መስመር መሬት ላይ አሰመረ። «ሁሉም በሚደግፈው ዕጩ ፊት ይሰለፍ! ምርጫችን ግልጽ ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለም!» አለ። የእማማ ባለቁልፍ መስመር ፀሐይ ላይ ወደቀ። የአማቹ መስመር በመጋዘኑ ግንብ ጥላ ሥር ነው። ጥላው ውስጥ ባለበረዶው አንድ በርሜል ሙሉ ቀይ ሽሮፕ በበረዶ አቀዝቅዞ፣ ጭልፋና ብርጭቆ አዘጋጅቶ፣ ሽርጡን አጥብቆ ቆሟል። «ለሁሉም ነው፤ ማንንም ብትመርጡ ጠጡ» ይላል እየሳቀ። እውነትም ለሁሉም ነበር። ጥላ ሥር መግባት ብቻ ነው የሚፈለገው።

ከምርጫው በኋላ ቧንቧው ስለሚከፈት ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ነው የመጣው። እንግዲህ የአሰብ ሰው ሰልፍ ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁሉም ወደ እማማ ባለቁልፍ መስመር ሄደ፣ ጀሪካኑን በተራው መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ በረዶው ከብርጭቆው ጋር ሲጋጭ ተሰማ። አንዱ «ጉሮሮዬን ላርጥብ» ብሎ ሄደ። ሌላው ተከተለው። ጥቂት ቆይቶ ጥላው ሥር እግር መጣያ ጠፋ። ፀሐይ ላይ የቀሩት ጀሪካኖቹና አራት ባልቴቶች ናቸው፤ ከባልቴቶቹም አንዷን ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷታል።

እኔም ከጥላው ሥር ነበርኩ። ቃለ ጉባኤውን በብብቴ ይዤ፣ አረንጓዴ ጀሪካኔን አሥራ አንደኛ ላይ አቁሜ፣ ሁለተኛ ብርጭቆዬን እየጠጣሁ። ኅሊናዬ ንጹሕ ነበር። መርጫለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት! እዚያ ቆሜ የለ?

ካድሬው ሰው ቆጠረ። «ለሁለተኛው ዕጩ ስልሳ ሰባት። ለመጀመሪያዋ ዕጩ አራት። ምርጫው ተጠናቋል!»

«እንዴ!» አለ አንድ ወዛደር፣ ብርጭቆውን እንደያዘ። «እኔ እዚያ ነኝ እኮ!»

«የት?»

«ያው! ከሰማያዊው ቀጥሎ!»

ካድሬው አንዴ ሰውዬውን፣ አንዴ የዘይት ቆርቆሮውን አየ። «ጓድ፣ እዚህ ቆመህ እዚያ ነኝ ትለኛለህ?»

«ተራ ይዣለሁ ጓድ። ማንንም ጠይቅ።»

መንገዱ ዳር የጭነት መኪናውን አቁሞ የሚያይ አንድ የደሴ ሾፌር ነበር፤ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሪው ላይ ተደፋ። ሕዝቡም ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ጀሪካኖቹን በዓይኔ ቆጠርኩ። ሰባ አንድ ናቸው። ያሸነፍን መሰለኝና ደስ አለኝ።

ካድሬው ግን ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። «ጥሩ» አለ። «እዚያ ነኝ የሚል ሁሉ ስሙንና የቤት ቁጥሩን ያስመዝግብ። ማን የት እንደቆመ እንወቅ።»

ጉርምርምታው ቀጥ አለ። ባለበረዶው ጭልፋውን በርሜሉ ላይ አሳርፎ በፈገግታ የእያንዳንዳችንን ፊት ማየት ጀመረ። አንዱ ጋ ደብተር አለ፣ ሌላው ጋ ጭልፋ። ሁለቱ ተነጋግረው ይሁን ሳይነጋገሩ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ መነጋገርም አያስፈልጋቸውም ነበር። መካኒኩ ወደ ባሕሩ ዞሮ ነፋሱን ያይ ጀመር። ወዛደሩ ጉሮሮውን ጠረገና «ለነገሩ የእኔ ላይሆን ይችላል» አለ። «ቆርቆሮ ከሩቅ ይመሳሰላል።»

የበሉበትን ወጪት ሰባሪ መባልን ፈራን፣ ደብተሩንም ፈራን። የትኛውን አብልጠን እንደፈራን እግዜር ይወቀው። እኔ ግን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ብዕሩ እጄ ላይ ነው። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ያኔ ካድሬው ወደ እማማ ባለቁልፍ ዞረ። «እርስዎ ሁሉንም ጀሪካን ያውቃሉ ይባላል። እንግዲህ የማን የማን እንደሆነ አንድ በአንድ ይንገሩን፤ ጓድ አስተማሪ ትጽፋለች። ከስልሳ ሰባት ከበለጠ ቁልፉ የእርስዎ ነው።»

ማወቅስ ያውቃሉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስም ቢጠሩ ቁልፋቸው አንገታቸው ላይ ይቀራል፣ እንጀራቸውም አይቋረጥም። እኛ ደግሞ ስማችን በእኔው ቆንጆ ጽሑፍ ደብተር ላይ ይሰፍራል።

እማማ ባለቁልፍ በሰልፉ ዳር ቀስ ብለው ተራመዱ። እያንዳንዱን ጎንበስ እያሉ አዩ። ቢጫው፣ ጎኑ የተጠበሰው ጋ ቆም አሉ። አለፉ። የእኔ ጋ ደረሱና እጃቸውን በቀይ ሽቦው ላይ አሳረፉ። እኔን አላዩኝም፤ ብዕሬን ነው ያዩት።

«ልጄ» አሉት ካድሬውን፣ «ዓይኔ ደክሟል። ጀሪካን ሁሉ አንድ ነው። አንዱንም አላውቀው።»

ከዚያ ገመዱን ከአንገታቸው ሊያወልቁ ሲሉ ካድሬው «ርክክቡ ነገ ነው» አለና ከለከላቸው። አሠራር ይወድ ነበር።

ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። «ሁለተኛው ዕጩ በአብላጫ ድምፅ ተመርጠዋል» አልኩ። ጆሮዬ እንደ ፍም ሆኖ ነበር። ንዴቴ የሚወጣበት ቢያጣ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «በስብሰባው ሥፍራ ባለቤታቸው ያልታወቀ ሰባ አንድ ጀሪካኖች ተሰልፈው ተገኝተዋል።» ካድሬው አነበበው፣ አሰበበት፣ እውነት ስለሆነ ፈረመበት።

የተከተለውን አስቀድሜ ልናገር። የቦኖው ሰዓት አጠረ፤ አንድ ወፍራም ጎማ ከሳጥኑ እስከ በረዶ ቤቱ ተዘረጋ። የዓርቡ ስጦታ በወሩ ቀረ። ባለበረዶው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ የሚመረጥ ነገር ካለቀ ለማን ይሰጣል? ውሃ ሲጠፋ በረዶ እየገዛን፣ አቅልጠን ሽሮ ሠራንበት። የገዛ ውሃችን ጠጥሮ መጥቶ በድስታችን ውስጥ ሲሟሟ እያየን እንስቅ ነበር፤ ምን እናድርግ? አቤት የሚባልበትን ስብሰባ እኛው ራሳችን ዝም ብለን አሳልፈን ሰጥተናል። የደሴው ሾፌር ደግሞ ወሬውን በመንገዱ ሁሉ እያራገፈ ሄደ። ከወራት በኋላ ለዕረፍት ወደ ደጋ ስወጣ፣ ደባይሲማ የምትባል የመንገድ ከተማ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ከአሰብ መምጣቴን ሰምቶ «ጀሪካን የሚመርጥበት አገር!» አለኝ።

አሁን ወደዚያች እሑድ ልመለስ። ስብሰባው ሲበተን አንድም ሰው ጀሪካኑን አላነሳም። ማንሳት መመዝገብ ነዋ! ሁላችንም እጃችንን እያወዛወዝን፣ ውሃ ያልጠማን መስለን ወደየቤታችን ሄድን። ሰባ አንዱ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ቀረ። ካድሬውም አማቹም ሄዱ፤ ባለበረዶውም በርሜሉን አስጭኖ ተከተላቸው።

አሥር ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እማማ ባለቁልፍ ናቸው። ከኋላቸው የደሴው ሾፌር በላብ ተጠምቆ ጋሪ ይገፋል። «እኔን ማን ይመዘግበኛል፤ እንግዳ ነኝ» አለኝ ጥርሱ ሁሉ እየሳቀ። ጋሪው ላይ ጀሪካኖች አሉ፤ ሁሉም እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ቁልፉ እስከ ነገ የእሳቸው ስለሆነ ሲቀዱ ውለዋል። ማንንም ሳይጠይቁ፣ አንዱንም ሳይሳሳቱ፣ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ቤት ለቤት እያደረሱ ነው።

አረንጓዴውን ደጃፌ ላይ አስቀመጡና ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«አስተማሪ፣ ይሄ ባለቤት የለውም ተብሎ ተጽፏል አሉ። ባለቤቱን ካወቅሽው ስጪልኝ።»

አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ቀዩን ሽቦ ጨብጬ ጮህኩ። «የእኔ ነው!» አልኩ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አሉ እየሳቁ።

«ይስማ! የእኔ ነው!»

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። እሳቸው ጋሪውን ወደሚቀጥለው በር አስገፉና ቢጫውን፣ ጎኑ የተጠበሰውን አወረዱ። መካኒኩ ወጣ። ነፋሱን አላየም። «የእኔ ነው» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ቀጥሎ ካለው በር ወዛደሩ የዘይት ቆርቆሮው ገና ከጋሪው ሳይወርድ ጮኸ። እማማ ባለቁልፍ እስከ መንገዱ ጫፍ እየሳቁ ሄዱ፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ይወዛወዝ ነበር። ይህንኑ ጠዋት ብንለው ኖሮ ቁልፉ በማግሥቱም እዚያው በሆነ ነበር።